በየአምስተኛው ስፌት

ረቡዕ፣ ኅዳር 4 ቀን
ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ሱቅ ውስጥ ሆኜ

ለምወድሽ ልጄ፣ ጥያቄ ብዬ ስም ላወጣሁልሽ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጤናሽስ፣ ሥራሽስ፣ የላቦራቶሪ አይጦችሽስ? "እኛ ደህና ነን፣ ምንም አታስቢ" ብዬ ልቀጥል ነበር፤ እጄ እንደለመደው ይህንኑ ሊጽፍ ተንደርድሮ ነበር። ዛሬ ግን እሱን ትቼዋለሁ። እውነቱን ልጽፍልሽ ነው የተቀመጥኩት፤ እስክጨርስ ታገሺኝና ከዚያ ተቆጪኝ።

የተቀመጥኩት ደግሞ ወድጄ አይደለም። እናትሽ ናት ያስቀመጠችኝ። እሷ ከመጋረጃው ወዲያ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ትሰፋለች፤ እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ካውያውን ገፋ አድርጌ ወረቀት ዘርግቻለሁ። የሱቁን በር ቆልፈነዋል። ውላችን እንዲህ ነው፦ እሷ አንድ ተርታ ሰፍታ እስክትጨርስ እኔ ከወንበሬ አልነሳም። "ጻፍላት" አለችኝ። "እጅህ... ሥራ... ይያዝ።" ቃላቷ አሁንም አንድ በአንድ ነው የሚወጡት፤ ለትእዛዝ ሲሆን ግን ማን ብሏት።

መቀስ ወደቀ። ብድግ አልኩና ተቀመጥኩ። "ተቀመጥ!" አለችኝ ከወዲያ። መጋረጃው አያሳይም፤ እንዴት እንዳወቀች እንጃ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ስትሮክ ከመታት ሰባት ወር ሆናት። ያኔ መጥተሽ ሁለት ሳምንት አልጋዋ አጠገብ ከተቀመጥሽ በኋላ፣ ወደ ጥናትሽ ልትመለሺ ስትይ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሻንጣሽን ይዘሽ የነገርሽኝ ትዝ ይልሻል? "አባዬ፣ የሞቱት የአንጎል ሴሎች አይመለሱም። ጎረቤቶቻቸው ግን ሥራውን ሊረከቡ ይችላሉ" አልሽኝ። "የሚረከቡት ታዲያ እጇ ሲሠራ ነው። አንዱ ሴል ለሌላው መልእክት ያቀብላል፤ መልእክቱ በተመላለሰ ቁጥር መንገዱ እየጠነከረ ይሄዳል። ስትሳሳት ደግሞ አትደንግጥ። አንጎል የሚማረው የጠበቀውና ያገኘው ሲለያይበት ነው።"

ከዚያ የአይጦችሽን ወሬ አመጣሽልኝ። አይጧ ማንሻውን ትጫናለች፣ ስኳር ያለበት ውሃ ይመጣላታል፣ እናንተ ደግሞ ከፀጉር በቀጠነ ሽቦ ሴሎቿ የሚሉትን ታዳምጣላችሁ። ውሃው በጠበቀችው ሰዓት ከመጣ ሴሎቹ አዲስ ነገር አይሉም፤ ሲቀርባት ወይም ሳታስበው ሲመጣላት ግን ምልክቱ ይለወጣል፣ ያኔ ትማራለች። እኔም እንደገባው ሰው ራሴን ነቀነቅኩ። እናትሽን ከአይጥ ጋር ስላወዳደርሻት ግን ሆዴ ቅር ብሎት ነበር። ይኸው ዛሬ ነገርኩሽ።

እውነቱ ምንም አልገባኝም ነበር።

ወደ ቤት በገባን በሦስተኛው ወር እንዳልሽው አደረግሁ። ደህናው ግራ እጇ ሥራውን እየቀማ ቀኙን እንዳያሰንፈው፣ ከካፖርት ትራፊ ጨርቅ ጣት የማይለይ ወፍራም ጓንት ሰፋሁለት። "እስረኛው" ትለዋለች ግራ እጇን። ጨርቁን በሁለት መቆንጠጫ ጠረጴዛው ላይ አስራለሁ፤ አሥር መርፌ ላይ ክር አስገብቼ የመርፌ ትራሱ ላይ ሰክቼ አቀርብላታለሁ። ከዚያ ቀኝ እጇ ብቻውን ከመርፌው ጋር ይታገላል።

አንቺ ያን እጅ ታውቂዋለሽ። ስንት ልብስ ሰፊ የቁልፍ ቀዳዳ ሲያቅተው ጃኬቱን ጠቅልሎ ወደ እሷ ሲሮጥለት የኖረ እጅ ነው። አሁን መርፌውን ለመቆንጠጥ ብቻ ግንባሯ በላብ ይጠመቃል። የመጀመሪያ ቀን የሰፋችው ተርታ ሰካራም የሄደበት ይመስል ነበር፤ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች፣ አንዱ ጭራሽ ጨርቁን ስቶ። አየችውና ፊቷን አዞረች። አንጀቴን በላችው።

አየሽ ልጄ፣ እኔ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ የተጣመመ ስፌት ከዚህ ሱቅ አስወጥቼ አላውቅም። ደንበኛ ሳያየው ፈትቼ መልሼ እሰፋለሁ፤ ሥራዬ ይኸው ነው። እናትሽ ምሳ በልታ ጋደም ስትል ጨርቁን አነሳሁ። የእሷን ስፌት ፈታሁና በእሷው አሰፋፍ አስመስዬ መልሼ ሰፋሁት። ቀጥ አላልኩትም፣ ሞኝ አይደለሁም። ትንሽ አሻሻልኩት። ስትነሳ ወደ መስኮቱ ይዛው ሄዳ ብዙ ጊዜ አየችው። "ደህና... ነው" አለች። እኔም ደስ አለኝ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ ዞረ።

በማግስቱም ሰፋሁ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ። ተርታው በየሳምንቱ ትንሽ እንዲቃና እየመጠንኩ፣ አራት ወር ሙሉ!

አንቺ "ልምጣ ወይስ ልቆይ? ቁርጡን ንገረኝ" ብለሽ የደወልሽው በዚህ መሃል ነው። ጥናትሽን ብታቋርጪ ቦታው ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ነግረሽኛል። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ የጨርቁን ፎቶ ላክሁልሽ። "ይኸውልሽ የእናትሽ እጅ፣ በራስሽ ዓይን እዪው" አልኩሽ። የላክሁልሽ የእኔን ስፌት ነው። አንቺም የቆየሽው የእኔን ስፌት አይተሽ ነው።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ተነስቼ ወለሉን ሁለቴ ተመላለስኩበት። መነሳት ክልክል መሆኑን አውቃለሁ፤ ጫማዬን አውልቄ ነው። ከወዲያ ምንም ድምፅ የለም። ዝም ስትል ከመቀሱ የባሰ ያስፈራኛል። መጋረጃውን ገለጥ ላደርገው እጄ ደርሶ ነበር፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

የታወቀብን ሰኞ ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ እንደ ልማዷ መጣች። እናትሽ "ወታደሯ" ነው የምትላት፤ ደግ ሴት ናት፣ ሳቅ ግን አታውቅም። ጨርቆቹን ለመጀመሪያ ጊዜ በተርታ ደርድሬ በኩራት አሳየኋት። እሷ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ አሥር የልብስ ቁልፎች በተነችና እናትሽን አንድ በአንድ እንድታነሳ አዘዘቻት። ከአሥሩ ሦስት አነሳች። ወታደሯ ቁልፎቹን አየች፣ ጨርቆቹን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። "አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እነዚህን ቁልፎች ያላነሳ እጅ ይህን አይሰፋም" አለች።

ክው አልኩ። ጨርቆቹን ልሰበስብ እጄን ዘረጋሁ። እናትሽ ግን በቀኝ እጇ ጨርቁን ወደ ራሷ ጎተተችና አመልካች ጣቷን ስፌቱ ላይ አስኬደችው። እየቆጠረች ነበር። አምስተኛው ላይ ስትደርስ ቆመች።

"ይሄ... የሱ... ነው" አለች።

ለካስ እኔ በየአምስተኛው ስፌት ክሩን ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ። እንዳይተረተር። ይህን አባቴ ነው ያስለመደኝ፤ ገና የሱሪ እግር ማጠፍ ስማር፣ በየአምስተኛው ጀርባዬን ቸብ እያደረገ። ከዚያ ወዲህ አስቤው አላውቅም፤ እጄ ራሱ ነው የሚያደርገው። አንቺ አንድ ጊዜ ልማድ የሚባለው ነገር ከሐሳብ በታች የራሱ መስመር አለው ብለሽኝ ነበር። እውነትሽን ነው። የእሷን መጣመም አስመሰልኩ፣ የእሷን ርዝመት አስመሰልኩ፣ በየአምስተኛው ላይ ግን እጄ አሳጣኝ።

ወታደሯ ስትወጣ በር ድረስ ሸኘኋትና "ጊዜው አልፏል?" አልኳት። "አላለፈም" አለችኝ፤ "ግን የመጀመሪያዎቹ ወራት ውድ ነበሩ።" ከዚህ ሌላ አልተናገረችም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ለካስ እኔ በየቀኑ የእጇን ስህተት ከዓይኗ ስሰርቅ፣ ያ አንቺ የምትዪው ምልክት ወደ አንጎሏ እንዳይሄድ መንገዱን ስዘጋ ነው የኖርኩት። የጠበቀችውና ያገኘችው እንዲገጥም አደረግሁላት። አይጥሽን ማንሻውን ሳትጫን ስኳር አጠጣኋት።

ተመልሼ ገባሁና "ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?" ብዬ ጠየቅኋት።

"ከ... መጀመሪያው።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

ቃሉን ፈለገችው። አፏ ላይ እየመጣ ይመለስባታል። እኔ ደግሞ ቃል ማቀበል ልማዴ ነው፤ እንደ ምንም ምላሴን ነክሼ ጠበቅኋት።

"እንቅልፍ... ወሰደህ" አለች። "ከዚያ... ቀን... ጀምሮ።"

ተይኝ፣ ልጄ። ሴትዮዋ ለእኔ እንቅልፍ ብላ እጇን ሰጠች። እኔ ደግሞ የምረዳት መስሎኝ ነበር። አብረን ስናለቅስ ጎረቤታችን ጫማ ሰሪው ሰምቶ "ምን ሆናችሁ?" እያለ በር ደበደበ፤ "ሽንኩርት ነው!" ብዬ አባረርኩት። ልብስ ሰፊ ሱቅ ውስጥ ሽንኩርት ከየት መጣ ብሎ እስካሁን ሳይገርመው አይቀርም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ያን ፎቶ የላክሁልሽ ቀን ስልኩ ላይ ዝም አልሽ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሦስት ጊዜ "ሃሎ" አልኩ። ከዚያ "ጎበዝ በላት" አልሽና ቶሎ ዘጋሽ። አንቺ ከዚህ ጠረጴዛ ሥር ክር እየለቀምሽ ያደግሽ ልጅ ነሽ፤ ማን ምን እንደሰፋ በዓይንም በዳበሳም ትለዪ ነበር። እኔ አልጠይቅሽም። አንቺም አትመልሺልኝ።

ቆይ፣ መጋረጃው ተገለጠ።

እናትሽ መጋረጃው አጠገብ ቆማለች። መቆንጠጫዎቹን ራሷ ነቅላ ጨርቁን ልታሳየኝ መጣች፤ ጨርቁ ግን እንደ ሽርጥ ከፊቷ ተንጠልጥሏል። ጫፉ ጭኗ ላይ ወርዶ ኖሮ ከራሷ ቀሚስ ጋር አንድ ላይ ሰፍታዋለች! ቀና ብላ አየችኝ፣ ዝቅ ብላ ቀሚሷን አየችው፣ እንደገና አየችኝ። ከዚያ ሳቀች። ሰባት ወር ሙሉ ያልሰማሁትን ያን ማስነጠስ የሚመስል ሳቋን ሳቀች። እኔም ሳቄ አመለጠኝና ክሩን ልቆርጥላት መቀስ አነሳሁ።

"ተው" አለችኝ።

ተውኩት። አሁን ፊት ለፊቴ ተቀምጣ የተያያዘውን ክር በቀኝ እጇ አንድ በአንድ እየፈታች ነው። ጣቷ ይስታል፣ ትነጫነጫለች፣ እንደገና ትሞክራለች። እኔ እስክሪብቶዬን እንደ ምርኩዝ ጨብጬዋለሁ። ይህን ያህል የከበደኝ ሥራ የለም።

ልምጣ ወይስ ልቆይ ላልሽው፣ ያኔ የመለስኩልሽ የሐሰት መልስ ነውና ይሰረዝልኝ። ነይም ቅሪም አልልሽም፤ በእውነተኛው ነገር ላይ አንቺ ወስኚ። ናፍቀሽኛል ግን። ይህን ለመናገር እንኳ ስንት ወረቀት ፈጀሁ።

እጅሽ የነካው ይቃናልሽ። የምትደክሚበት ፍሬ ይስጥሽ፤ ክፉ አይንካሽ፤ በሄድሽበት ሰው አያሳጣሽ። እናትሽ "ብርድ... ልብስ... ደርቢ" ብላለች፤ ቃል በቃል ነው የጻፍኩት፣ አላሳመርኩትም።

የሚወድሽ አባትሽ፣ ልብስ ሰፊው

ይድረስሽ ብላ ጨርቁን ራሷ አጥፋ ሰጥታኛለች፤ ፖስታው ውስጥ ነው። ከቀሚሷ ጋር የተያያዘውን ፈትታ ስትጨርስ የተረፈው ሃያ ሦስት ስፌት ነው፤ ሦስቱ ጨርቁን ስተዋል። መስኮት አጠገብ ሄደሽ በጣትሽ እየዳበስሽ ቁጠሪው። አምስተኛው ላይ ቆም በይ፣ አሥረኛው ላይም፣ አሥራ አምስተኛውም ላይ። ክሩ የተመለሰበትን ቦታ ፈልጊ፤ አታገኚም።