ልጄ በመዳፏ የማለችው

ኅዳር 16
ጥፋተኛው ወንድሜ ብሪጅናንዳን ነው። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ቢሆንም ይህን ስም አልሳሳትም።
ሩዝ አሰጣሁ። ትከሻዬን አመመኝ... ልጄ ራምዱላሪ ከባሏ ቤት ተባርራ አጠገቤ ተቀምጣለች። ከተማ ልብስ ስትሰፋ ከርማ ብትመለስ፣ ባሏ "ከማን ጋር ነበርሽ?" አላት።
እኛ የሚቲላ አገር ሰዎች በጥንቱ ተረት ባለችው ንግሥት የሠርግ ቀን ልጅ አንድርም። ንግሥቲቱ የአገራችን ልጅ ናት፤ በዚያ ቀን ተድራ ያየችውን መከራ እናውቃለን። ብሪጅናንዳን ግን "እትዬ፣ የአሮጊት ወሬ ተይ፤ በቴሌቪዥን የተባረከ ቀን ነው ብለዋል" ብሎ አምና ልጄን በዚያው ቀን ዳራት።

ኅዳር 19
የባሏ ቤተሰብ "ከማንም ጋር አልነበርኩም" ብላ ትማል አሉ። ቤተ መቅደስ፣ በሽማግሌዎች ፊት፣ መዳፏ ላይ ካፉር የሚሉት የመቅደስ ዕጣን እየነደደ።
"ንግሥቲቱስ ባሏ ቢጠረጥራት ንጽሕናዋን ልታሳይ እሳት ገብታ የለ? ፀጉሯ እንኳ አልተነካ" አለ ብሪጅናንዳን።
"አጎቴ፣ ባሏስ ገባ?"
"ይቺ ምላስሽ ናት ያስባረረችሽ!"
ወደኔ ዞረች። "እማ፣ አንቺስ?"
ማለሽ ትዳርሽን አትርፊ አልኳት። እኔ...

ኅዳር 22
ማለች። አልጮኸችም። መዳፏ ቆሰለ። ወሰዷት።

ታኅሣሥ 9
መለሷት። አማቷ ደጄ ላይ ቆማ "ንጹሕ ብትሆን እሳቱ ባላቆሰላት" አለች።
"አንቺን ምድጃ ስንቴ አቃጥሎሻል? ያኔ ከማን ጋር ነበርሽ?" አልኳት። ጥላኝ ሄደች።

ታኅሣሥ 11
በወንዶቹ ትረካ ንግሥቲቱ ከእሳት ወጥታ ትነግሣለች። አለቀ። እኛ ወፍጮ ላይ የምንዘፍነው ሌላ ነው። ከእሳቱም በኋላ በሐሜት ትባረራለች። ኋላ ባሏ "ነይ፣ ደግመሽ መሐላ ግቢ" ሲላት፣ መሬትን "ተከፈቺልኝ" ብላ ትገባለች እንጂ አትመለስለትም። አርባ ዓመት ዘፈኑን መራሁ። ለልጄ ግን የወንዶቹን ነገርኳት። ለምን?

ታኅሣሥ 13
ደግሞ ላኩ። በሌላው እጇ ትማልና እንቀበላታለን አሉ። መልእክቱን ነገርኳት፤ "እስቲ አስቢበት" አልኩ።
"አሁንም እማ?" አለች።

ታኅሣሥ 14
ሄዳለች። በጠዋቱ ባቡር። ጎረቤት አይታታለች፤ እጇ እንደታሰረ ነው። የት እንደሆነ አልነገረችኝም። ከአጎቷ ትደበቅ፤ ከኔስ?... አውቃለሁ።

ታኅሣሥ 20
የጎረቤት ልጅ ልትዳር ነው። ሙሽራዋን "እንደ ንግሥቲቱ ቻይ" የሚለውን የሽኝት ዘፈን እንድመራ ሴቶቹ መጡ። አልመራም አልኳቸው።
"ምነው እትዬ፣ ጉሮሮ ነው?"
ጉሮሮዬ ደህና ነው። ከእንግዲህ ለማንም ሴት ልጅ "ቻይ" አልልም።