የአጋዘን ቀንድ ለዳንግላ

ሰኞ

ግራው ቀንድ ዛሬም ተሰነጠቀ። ጀሶው ሳይደርቅ ኮላ ስለቀባሁበት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የሐምሌም ነው።

ሞላ ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ አልሰማሁትም። የማኅበራችን ሊቀመንበር ነው፤ ኮቴው አይሰማም። «እትዬ ጥሩ፣ ይህን ሥራ እስከ ዓርብ ደንበኛው ካልተቀበለዎት ቦታውን ለሚሠራበት ሰው እንሰጣለን» አለኝ። «እርስዎ» እያለ ነው የሚያባርረኝ።

ቦታዬ እንጅባራ መንገድ ዳር ካለው የቀርከሃ ሼድ ውስጥ አንድ ሰሌን የምታህል ናት። አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጬባታለሁ። ጣቶቼ ተቆልምመው ቀርከሃ መሰንጠቅ ካቃተኝ ወዲህ የምሸጠው በርጩማ የለኝም። እሷን ካጣሁ የሚቀረኝ የልጄ ቤት ጥግ ነው። ምራቴ «ይረፉ እማማ» እያለች ከሥራ ሁሉ ታርቀኛለች። ያ ዕረፍት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

ትእዛዙ የመጣው ከዳንግላ፣ ከአቶ ጌትነት ነው። የእንስሳ ቆዳ በጭድ ሞልቶ ሕያው አስመስሎ የሚያቆም ሰው ነው። የእውነተኛ አውሬ ቀንድ መስቀል ስለሚያስጠይቅ ሐሰተኛውን ከእኛ ፈለገ። «አንድ ጥንድ የአጋዘን ቀንድ፣ ለሆቴል ግድግዳ» ብሎ በወረቀት ላከ። ማንም አላነበበልኝም። እኔው አነበብሁት።

ማክሰኞ

ሲዘንብ ዋለ።

የሚያስፈልገኝ፦ ጀሶ፣ ኮላ፣ የጆንያ ጨርቅ፣ ቡናማ የጫማ ቀለም፣ ፀሐይ። የጠፋችው ፀሐይ ብቻ ናት። ግራውን እንደገና ለብጄ በከሰል ፍም ላይ እያገላበጥሁ አደረቅሁት።

አጥንቱ ሌሎቹ ሰንጥቀው የጣሉት የቀርከሃ ስንጥር ነው፤ ሦስቱን አብሬ እየጠመዘዝሁ አስራለሁ። አባቴ በጫግኒ በኩል ቆላ ወርዶ አጋዘን አይቶ ነበር። ቀንዱ እንዴት እንደሚጠመዘዝ በጣቱ አየር ላይ እያዞረ ያሳየን ነበር። ወንድሞቼን ትምህርት ቤት፣ እኔን ውኃ ላከ። ጣቱን ግን አልረሳሁም።

ከጎኔ በርጩማ የምትሠራው የሻረግ «እትዬ ጥሩ ፊደል ቆጥረው ቀንድ አበቀሉ!» ብላ ሼዱን ሁሉ አሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በልቤ ግን ረገምኋት።

ረቡዕ

ደረቁ። ሁለቱም።

ጎን ለጎን አስተኛኋቸው። ጠመዝማዛቸው እኩል፣ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ። ቀለም ቀብቼ በአሮጌ ቀሚስ ወለወልኋቸው። ከጥሊሊ የመጣ አንድ ገበሬ ቆመና «ይህን የት ገደላችሁት?» ብሎ ጠየቀ። በስድሳ ሦስት ዓመቴ እንዲህ ያለ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም። ሞላም አየ። ስልኩን ኪሱ ከትቶ አለፈ።

ሐሙስ

ምን ብዬ ልጻፍ።

ቀንዶቹን በጋቢ ጠቅልዬ በሚኒባስ ዳንግላ ሄድሁ። አቶ ጌትነት ጠረጴዛ ላይ የጥጃ ቆዳ የለበሰ፣ የመስታወት ዓይን የተተከለለት አንድ ራስ አለ። ከጆሮዎቹ በላይ ሁለት ቀዳዳ። እኔን የሚጠብቅ መሰለኝ።

ጋቢውን ፈታሁ። ሰውየው ቀንዶቹን አየ፣ እኔን አየ።

«እናቴ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«አጋዘን ነዋ።»

«ይህማ የእኛው የቆላ አጋዘን ነው! እኔ ያልሁት የፈረንጁን ነው።»

ስልኩን አወጣ። በረዶ ላይ የቆመ አውሬ፤ ራሱ ላይ ቅጠሉ የረገፈ ዛፍ የመሰለ ነገር ተተክሏል።

«ይህ ቀንድ ነው?» አልሁ።

«እሱም ስሙ አጋዘን ነው። ባለሆቴሉ በፊልም አይቶ የወደደው ይህን ነው። ፎቶውን በሞላ ስልክ ልኬው ነበርኮ፤ አላሳየዎትም?»

አላሳየኝም።

እስከ ማክሰኞ እጠብቃለሁ አለ። «ካልሆነ እንዲሁ እሰቅለውና ጥጃ ነው እላለሁ።» ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው። መሳቅ አልቻልሁም።

ዓርብ

ሞላ «ኔትወርክ አልነበረም፣ ፎቶው አልከፈት አለኝ» አለ። እውነቱን እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። ቀጥሎ ግን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ወረቀቱን ማን አነበበልዎት?» አለኝ።

«እኔ።»

«ታዲያ!»

የገደለችኝ ይህች «ታዲያ» ናት። አንድም ፊደል አልሳትሁም። አ፣ ጋ፣ ዘ፣ ን። አራቱንም በትክክል አነበብሁ። ያጠፋው ለሁለት አውሬ አንድ ስም የሰጠ ሰው ነው። ሃምሳ ዓመት አልፎኝ፣ በልጆች ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ የተማርሁት ለዚህ ኖሯል?

እስከ ማክሰኞ ጊዜ እንዳለኝ ነገርሁት። «የተባባልነው ዓርብ ነው» አለ። ቦታዬ ለየሻረግ ተሰጠች። የሻረግ አንገቷን ደፋች። በርጩማዎቿን ግን አስጠጋች።

ቅዳሜ

አልሄድም ብዬ ነበር። ምራቴ «ዛሬስ ይረፉ» ስትል ተነሥቼ ወጣሁ።

ከሼዱ ጀርባ የቀርከሃ ሥር ይጣላል። ለምንም አይረባም፤ ቢያነዱትም ይጨሳል። ግን መሬት ውስጥ እያለ ይከፈላል፣ ቅርንጫፍ ያወጣል። ከጭቃው እየጎተትሁ አንድ በአንድ ማየት ጀመርሁ።

የሻረግ አየችኝ። «እትዬ፣ ዝናቡ ሳይመታዎት ይግቡ እንጂ!» አለች። በገዛ ቦታዬ እንግዳ ልሁን? «ደኅና ነኝ» አልኋት። ጥቂት ቆይታ ጆንያ አምጥታ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝና ምንም ሳትል ተመለሰች።

አራት ቅርንጫፍ ያለው አንድ አገኘሁ። አጥቤ ሳየው ቁርጥ በፎቶው ያየሁትን የፈረንጅ ቀንድ። ግን የተባለው ጥንድ ነው፤ ሥር ደግሞ መንታ ሆኖ አይበቅልም። ክምሩን እስከ ግማሽ አገላበጥሁ። ጣቶቼ ደነዘዙ። ነገ ሰንበት ነው፤ የሚቀረኝ ሰኞ ብቻ። ማክሰኞ አቶ ጌትነት ቢቀበለኝ እንኳ ሞላ ቦታዬን ይመልስ አይመልስ አላውቅም።

እስካሁን ያገኘሁት አንድ ነው። የቀኙ።