የጉድጓዳችን ገመድ

ሱሉልታ፣ ማክሰኞ፣ መጋቢት 12

ዛሬም ባልዲው ደረቁን ወጣ። ልጄ ሌሊሴ በተወለደች ዓመት ጉድጓዱን ስናስቆፍር ገመዱ ተርፎን ነበር። ከዚያ ወዲህ ውሃው በየበጋው እየራቀ፣ እኛም ገመዱን እየቀጠልን፣ ዛሬ ሰባተኛውን ቋጠሮ ቋጠርኩ። ጎረቤታችን ኦቦ ቶላ ጎንበስ ብለው አዩና «ገመዱንስ ቀጠልሽው፣ ውሃውን በምን ትቀጥዪዋለሽ?» አሉኝ። ተናደድኩባቸው፤ እውነታቸውን ስለሆነ ነው የተናደድኩት።

ሌሊሴ ግን ቋጠሮዎቹን ቆጥራ «እማ፣ ልክ እንደኔ ዕድሜ ሰባት ናቸው!» ብላ ፈነጠዘች። ከቀጠልኩት ገመድ የተረፈውን ቁራጭ ልጥለው ስል ከእጄ ነጠቀችኝ። «ለኔ ልጆች ይሆናል» ብላ አልጋዋ ስር አስቀመጠችው።

አትውለጂ ልላት ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።