ሽበታሙ ድንጋይ ስንት እርምጃ ነው?

ኅዳር 9 ቀን 1953 እ.ኤ.አ.
ሽሮፕሺር

ለምወድህ አባቴ፣

እንደምን ከርመሃል? ብርዱ ጉልበትህን እንዴት አደረገው? እማዬስ፣ ሳሏ ለቀቃት? እኔ ደህና ነኝ፤ ካልሲዬ ከደረቀ ግን ሁለት ሳምንት አልፎታል። ዝናቡ አላባራም።

ዩኒቨርሲቲው ለመዝገበ ቃላቱ ሥራ ሲልከኝ፣ ለአንዲት ቃል ብሎ ጭቃ የሚረግጥ ሰው አይተህ እንደማታውቅ ነግረኸኝ ስቀህብኝ ነበር። ቃሏ የእንግሊዝኛዋ «ሆር» ናት። ዛሬ ከአሮጌ መጻሕፍት በቀር ማን ይላታል? የጥንቶቹ እንግሊዞች ግን «ሃር» እያሉ ለውርጩም፣ ለተኩላውም፣ ለሽማግሌውም ይሰጧት ነበር፤ ሽበት የወረሰው ሁሉ ሃር ነው። ሽበት ያኔ ማዕረግ ነበር፤ ጀርመኖች ሰውን «ጌታዬ» የሚሉበት ቃል ሥሩ «ይበልጥ የሸበተው» ማለት እንደሆነ ሳነብ ቀኑን ሙሉ ስፈነጥዝ ዋልኩ። የዚህች መንደር ወሰን በሺህ ዓመት ሰነድ ላይ «ከጅረቱ እስከ ሃሩ ድንጋይ» ተብሎ ተጽፏል። ድንጋዩ ዛሬም በኮረብታው ወገብ ላይ ቆሟል፤ የድንጋይ ሽበት የሚሉት ግራጫ ሽፋን ከአናቱ እስከ እግሩ አልብሶታል። ከበላዩ አንተ መሐንዲስ የሆንክበት የድንጋይ ማውጫ ካባ የሚደፋው የአፈር ክምር አለ። ከበታቹ አሥራ አንድ ቤቶች።

እዚህ በየዓመቱ በግንቦት ሕዝቡ ቄሱን አስቀድሞ ወሰኑን ይዞራል፤ ምልክቶቹንም በአኻያ ዱላ ይመታል። ከጅረቱ ድልድይ እስከ ድንጋዩ እርምጃ የሚቆጥሩት አባባ ኢኖክ ቤዶስ ናቸው፤ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ድሮ ሁልጊዜ አራት መቶ አሥራ ሁለት ነበር። ካቻምና አራት መቶ ዘጠኝ አሉ፤ አምና አራት መቶ አምስት፤ ዘንድሮ ሦስት መቶ ዘጠና ስምንት። መንደሩ ሳቀባቸው። ጎረቤታቸው ቲርዛ ጎፍ ደግሞ፣ «ኢኖክ፣ ቁጥርህም እንደ ጥርስህ መርገፍ ጀመረ?» ብላ አላገጠችባቸው። እሳቸውም፣ «ላንቺ ብዬ ያስቀመጥኳት አንዲት መንጋጋ አለችኝ፣ እነክስሻለሁ!» ብለው መለሱ። በልባቸው ግን አዝነዋል። ያለፈው ማክሰኞ ክንዴን ይዘው፣ «ልጄ፣ አብረሽኝ ቁጠሪ፤ እውነት ከጃጀሁ ዱላውን ለሌላ ልስጥ» አሉኝ።

እርምጃቸውን አብረን ቆጠርን። ሁለታችንም ሦስት መቶ ዘጠና አንድ ላይ ደረስን። ልስቅ አፌን ከፈትኩና ቀረሁ። አባቴ፣ ሰው ሲያረጅ እርምጃው ያጥራል፤ ባጠረ እርምጃ ቁጥሩ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ወደ ድንጋዩ ጀርባ ዞርኩ። በላይኛው በኩል ክንዴ እስከ ትከሻው የሚገባበት ስንጥቅ ተከፍቷል፤ በታችኛው በኩል ሣሩ እንደተገፋ ምንጣፍ ተጨማዷል። ድንጋዩ እየወረደ ነው፤ ኮረብታውን ይዞ።

ለአባባ ቤዶስ ስነግራቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «እንግዲያው አእምሮዬ ደህና ነዋ!» ብለው ባርኔጣቸውን ወረወሩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ማርጀቴ ነው ብለው ከሰው ሸሽተው ሲያለቅሱ ኖረዋል። ደስታቸውን ጨርሰው ነው ቁልቁል የራሳቸውን ጭስ ማውጫ ያዩት።

በየቤቱ ዞሬ ውጡ ብዬ ለመንኩ። ቲርዛ፣ «መጽሐፍ ማንበብ እንዲህ ያደርጋል፤ ምነው በጊዜ በዳሩሽ!» አለችኝ። ሌሎቹም እንደዚያው ናቸው። ወደ ካባው ቢሮ ወጣሁ፤ ጸሐፊው አንድ ወረቀት አውጥቶ አሳየኝ። ክምሩ ጽኑ ነው፣ ለማንም አያሰጋም ይላል፤ ባለፈው ሚያዝያ የተፈረመ። ፊርማውን እንኳን አንብቤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ብዳብሰውም አውቀዋለሁ። የመንደሩ ሰው የሚያምነው ያንን ወረቀት ነው። ፈራሚው ራሱ መጥቶ «ተሳስቻለሁ፣ ውጡ» ካላላቸው፣ ማንም ከቤቱ አይነሳም።

በደብዳቤህ ተቆጥተኸኝ ነበር፦ ማደሪያዬ ከጅረቱ ማዶ እንዲሆን፣ በዚህኛው፣ በድንጋዩ በኩል፣ አንድ ሌሊት እንኳ እንዳላድር። የአባት ስስት ነው ብዬ ለእንግዳ ማረፊያዋ ባለቤት እየሳቅኩ አነበብኩላት። ትናንት ማታ ብቻዬን ደግሜ አነበብኩት። ቀኑንም አየሁት፤ መጋቢት ይላል፤ ከፊርማው አንድ ወር ቀድሞ።

ሌላ አልጽፍም። አንተ ደግ ሰው ነህ፤ ይህን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ዕቃዬን ዛሬ ጠዋት አሻግሬያለሁ። ቤቱ የአባባ ቤዶስ ነው፤ ከድንጋዩ ቁልቁል የመጀመሪያው በር፣ የእኔ ክፍል በጓሮው በኩል ያለችው። ዝናቡ እስከ እሑድ ይቀጥላል ይላሉ። የጠዋቱ ባቡር እኩለ ቀን ሳይሞላ እዚህ ያደርሳል።

እማዬን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ማደሪያ መለወጤን ግን አትንገራት። አምላክ መንገድህን ያቅናልህ፣ እጅህን ያበርታልህ።

ሁልጊዜም የምታምንህ
ልጅህ