ስለ ሳንቃውና ስለ ቁልፉ

ለውድ አባቴ ለአቶ ሀቢሶ፤ ሆሳዕና

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? የጉልበትዎ ሕመም ተሻለዎት? የዓይንዎ ሞራስ እንዴት አደረገዎት? እማዬና እህቴ ፀገነት ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤነኛ ነኝ፤ ልቤ ብቻ አንድ ቦታ አልቀመጥ ብሎኛል።

በስልክ «እንጀራ ፈልግ ብዬ ብልክህ ባሕር ላይ እንጨት ትጋልባለህ አሉ» ብለው መቆጣትዎን አልረሳሁም። ቪዲዮውን ያሳየዎት ሰው እጁ ይባረክ! እውነት ነው። በወር አንድ ጊዜ ሱቁን ለሸሪኬ ለምሕረቱ ትቼ፣ በሚኒባስ ስድስት ሰዓት ተጉዤ ደርባን እወርዳለሁ። እዚያ ፊቤ የምትባል፣ እዚህ አገር ያደገች የእኛው ሰው ልጅ በሳንቃ ማዕበል ላይ መንሸራተት ታስተምራለች። ስድስት ዓመት ከሱቅ የብረት ፍርግርግ ጀርባ ለቆመ ሰው ያ ውሃ ምን እንደሆነ እንዴት ልንገርዎ!

መቆሙን ቶሎ ለመድኩ፤ ያቃተኝ መታጠፉ ነው። ጉልበት ይታጠፋል፣ ክብደት ወደ ኋላ እግር ይጣላል፣ ከዚያ መጀመሪያ ዓይን፣ ቀጥሎ ትከሻ፣ ቀጥሎ ወገብ ወደሚሄዱበት ይዞራል፤ ሳንቃው ራሱ ይከተላል። እኔ ግን ባንኮኒ ላይ እንደቆምኩ ቀጥ ብዬ ዓይኔን ወደ ባሕሩ ዳር እወረውራለሁ። የእኔን የሱቅ ቁልፍ የያዘው ቦርሳዬ አሸዋው ላይ ነዋ! ሳንቃውም በቀጥታ ወደ ቦርሳው ይሮጥና በአፍንጫዬ ይተክለኛል።

ባለፈው ፊቤ ሰለቻትና፣ አጵሎስ፣ ሲሪየስሊ፣ ቦርሳው ውስጥ ምን አለ ብላ ጠየቀችኝ። የሱቅ ቁልፍ አልኳት። ሱቁ ያለው ጆበርግ፣ ቁልፉ ላይ ማፍጠጥ ምን ይረባሃል ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። እርስዎ «ዓይኔ ሳይጠፋ ልይህ» ያሉኝ ትዝ አለኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ «ለከርሞ» ስል የኖርኩት በዚሁ ቁልፍ ምክንያት ነው። በያዝኩት የጥገኝነት ወረቀት ከዚህ ከወጣሁ መመለስ የለም፤ ሱቁም በዚያው ቀረ ማለት ነው። ፈርቼ ነበር አባባ። አሁንም እፈራለሁ።

ከዚያ ወዲህ እግሬ አላርፍ አለ። ዳቦ እየሸጥኩ፣ ደንበኛው በአገሬው ቋንቋ «ሳውቦና» እያለ ሰላም ሲለኝ፣ ዓይኔ ከመንገዱ ማዶ ነው። ትናንት ቁልፎቹን በሙሉ ለምሕረቱ አስረከብኩት። አበድክ እንዴ አለኝ። ለያሆዴ በዓል፣ ለዘመን መለወጫችን፣ ቤት እደርሳለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ጎረቤታችንን እትዬ የዓለምወርቅን፣ የጸሎት ቤቱንም ወንድሞች ሰላም ይበሉልኝ። ይህን የምታነብልዎ ፀገነትን ግንባሯን ስሜያለሁ፤ የበዓሉ ዋዜማ የግቢውን በር እንዳትቆልፈው።

ልጅዎ አጵሎስ ሀቢሶ
አሌክሳንድራ፣ ጆሃንስበርግ
ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.