ሳይከፈት ስለቀረው የፕራይመር ቱቦ

ባለፈው ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ በአንዲት ጎልማሳ ሴት ፊት ላይ ፋውንዴሽን የተባለው የፊት ቀለም ፕራይመር የተባለው የሥር ቅባት ሳይቀድመው መቀባቱን፣ ሴትዮዋም እስከ ዛሬ በሕይወትና በሥራ ገበታዋ ላይ መገኘቷን ለሕዝብ በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ።

ለውበት ሙያ ማሰልጠኛ ተቋም ዋና ዳይሬክተር

ክብርት ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ከጉልበቴና ከተቋምዎ በቀር የሚያመኝ የለም፣ ተመስገን። ይህን ደብዳቤ ተቀምጬ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቴም ተነሥቻለሁና፣ የመስኮቱን ደፍ ጠረጴዛ አድርጌ ቆሜ ስጽፍልዎ ፊደሌ ቢንጋደድ በክብርዎ ላይ እንደተደረገ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። የልጅ ልጄ፣ በቤታችን አጠራር ሚጢጢ፣ በተቋምዎ ዘጠኝ ወር ሜካፕ ተምራ ለመጨረሻው የተግባር ፈተና የአክስቷን ፊት ሠራች። ሦስቱ ፈታኞችዎ ፊቱን አይተው በአድናቆት ራሳቸውን ሲነቀንቁ ቆይተው፣ ጠረጴዛው ላይ ያልተከፈተ የፕራይመር ቱቦ ባገኙ ጊዜ ወድቃለች አሉ። ሙሽሮችን የሚያስውብ አንድ ሳሎን ሰርተፊኬቷን እስከ ሰኞ ካመጣች ሊቀጥራት ቃል ገብቷል፤ ጽሕፈት ቤትዎ ግን የሚቀጥለው ፈተና ከስድስት ወር በኋላ ነው ብሎ አሰናብቷታል። ስለሆነም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ፦ ስለ ጥልቅ እውቀታችሁ አመሰግናለሁ። እኔ አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ስቀባ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጥሬ ግድግዳ ቀለም ይጠጣልና የሥር ቀለም ካልሰጡት ሦስት እጅ ቢቀቡትም አይጠግብም፤ ጤነኛውን ግድግዳ ግን በብርጭቆ ወረቀት ዳበስ አድርገው አቧራውን ቢጠርጉለት ይበቃዋል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ መዳፍን ማሳረፍ ነው፤ እኔ መዳፌን ሳላሳርፍ የቀባሁት ግድግዳ የለም። ሚጢጢ እንዳስረዳችኝ ፊትም ከዚህ አይርቅም። ወዙ እየወጣ የሚያስቸግር ፊት ፕራይመር ይጠቅመዋል፤ ደረቅ ፊት ግን ታጥቦ፣ ክሬም ተቀብቶ፣ ክሬሙ እስኪመጠጥ ድረስ ከታገሡት ፋውንዴሽኑን አጥብቆ ይይዛል። አክስቷ ደግሞ በልብስ ማጠቢያ ቤት ካውያ ስትገፋ የኖረች፣ ፊቷ እንደ ተተኮሰ አንሶላ የደረቀ ሴት ናት። ልጅቱ ይህን በጣቷ ዳስሳ፣ አውጥታ አውርዳ፣ ፕራይመሩን አውቃ ተወችው። ተማሪ አስተማሪዋን ስትበልጥ መጣል አለባት የሚለው ደንባችሁ ከወዴት እንደተገኘ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

2ኛ፦ ስለ ሚዛናዊ ፍርዳችሁ። ከሚጢጢ አጠገብ የተፈተነችው ልጅ ክሬሙ ሳይደርቅ ፕራይመሩን ደፋችበት፤ በላዩ ፋውንዴሽኑን ስትጨምር ሁሉም እየተንከባለለ ይረግፍ ጀመር። አክስትየዋ እንደምትለው ከሆነ የሞዴሏ ጉንጭ ላጲስ የታሸበት ደብተር መስሎ ነበር። እሷ አለፈች፤ ቱቦዋ ተከፍቷልና። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሉ የነበሩ አባቶቻችን ይህንን ሳያዩ በማለፋቸው አዝኛለሁ።

3ኛ፦ የጥበቃ ሠራተኛዎ እጅግ ጨዋ ሰው ነው። ትናንት በደጃፋችሁ ስመላለስ በአራተኛው ዙር «አባቴ፣ የጠፋብዎት ነገር አለ እንዴ?» አለኝ። ዳይሬክተሯ ጠፍተውብኛል አልኩት።

4ኛ፦ ቤቴን ከእንቅልፋምነት ስላዳናችሁልኝ። ከማክሰኞ ወዲህ ሚጢጢ ቁጭ ብላ አታውቅም። ክዳን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ሳሎኑ ነው ብላ ትሮጣለች፤ የሚደውለው ግን የእኔ የካርታ ጓደኛ ነው። የግራ ክንዴን በፕራይመር፣ የቀኙን ያለ ፕራይመር ቀብታ በየሰዓቱ እያገላበጠች ታያቸዋለች። አክስቷ «አንቺ ልጅ፣ ፊቴን ነው የምትቀቢው ወይስ በር? ሥራ ረፈደብኝ እኮ» ስትላት፣ «እቴቴ በሞቴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ» እያለች ዛሬ ብቻ አራቴ አጥባታለች። የክንዶቼ ውጤት እስከ አሁን እኩል ነው፤ ሁለቱም ከባለቤታቸው ያምራሉ።

ልመናዬ አንድ ናት። ከሰኞ በፊት አንድ ወንበር፣ አንድ ፊትና እነዚያኑ ሦስት ፈታኞች ያዘጋጁልን። ጠረጴዛው በጨርቅ ይሸፈን፤ የሚታየው ፊቱ ብቻ ይሁን። ቢሹ ከወዛሞች ሁሉ ወዛሙን ያምጡላት፤ ያን ጊዜ ፕራይመሩን ብትዘል ከእናንተ ቀድሜ የምጥላት እኔ ነኝ። ፊት ከጠፋም የእኔ አለ፤ ከተሸበሸበ ቆይቷል እንጂ ቀለም አይጠላም።

ጥራት የሚባል ነገር ከፊት ላይ ሳይሆን ከቱቦ ውስጥ እንዲፈለግ ሌት ተቀን የሚተጋውን ተቋምዎን ዕድሜውን ያርዝምልን እያልኩ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ጉልበቴ እስከ ፈቀደልኝ ድረስ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣዎ፣

ጡረታ የወጣ ቀለም ቀቢ፣
የአንዲት ወዳቂ ተፈታኝ አያት

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ሳላሽገው ሚጢጢ ከእጄ ነጥቃ አነበበችውና ፊቷ ልውጥ አለ። «አባባ፣ በውሸት አታስገባኝ፤ እንዲህ ከገባሁ እጄ አይሠራልኝም» አለችኝ። እንግዲህ አንዱን ፈጠራዬን ላምን ነው። አውጥታ አውርዳ፣ አውቃ ተወችው ያልኩት የራሴ ነው። እውነቱ፣ ፈታኞቹ ከኋላዋ ሲቆሙ ደንግጣ ረሳችው። እርስዎ ግን ከመፍረድዎ በፊት ይህችን ብቻ ይመዝኑልኝ፦ ሦስቱ ባለሙያዎችዎ ያን ፊት አፍንጫቸው ሊነካው እስኪደርስ ተጠግተው መረመሩት፤ ፕራይመር እንደጎደለው ያወቁት ግን ዞር ብለው ጠረጴዛውን ሲያዩ ነው።