ካርድሽ ለምን እምቢ እንዳለሽ

ሰብሊ፣

ዛሬ ጠዋት ቢሯችን በር ላይ ካርድሽ እምቢ ያለሽ ማሽኑ ተበላሽቶ አይደለም። የካርድ መያዣሽ ገበር ውስጥ ፎይል የከተትኩት እኔ ነኝ። በፎይል የተሸፈነ ካርድ ማሽኑ አያነበውም። ከመያዣው ብታወጪው ኖሮ ይከፍትልሽ ነበር። ግን አንቺ መያዣውን እንዳለ ለጠፍ አድርገሽ ማለፍ ነው የምታውቂው።

ቤት ውሃ ሐሙስ ይመጣል፤ ጀሪካኖቹን ሙያቸው። ጋዙም እያለቀ ነው።

እማዬ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ፣ ስዘገይ በካርዴ የመግቢያ ሰዓት የምትፈርሚልኝ አንቺ ነበርሽ። አንድ ቀን እንኳ አመሰግናለሁ አላልኩሽም፤ እሱ ጥፋቴ ነው።
ለአለቃችን ሄደሽ "ፈሂማ ካርዷን ለሰው ሰጥታ ነው የምታስፈርመው" ስትዪው ግን፣ ያ ሰው ማን እንደሆነ ነገርሽው?

በማግስቱ ካርዴን ዘግተውት ማሽኑ ቀይ ሲያበራብኝ፣ አንቺ በጎኔ አልፈሽ ገባሽ። ዞር ብለሽ እንኳ አላየሽኝም። ዛሬ ስንት ደቂቃ ቆምሽ? ጥበቃው ጋሽ ዓለምሰገድ "ልጄ፣ ሰው ይለፍ፣ ወደ ጎን ቁሚ" አሉሽ? እኔን ብለውኛል። ያውም ሰላም የምንላቸው ሁሉ እያዩኝ።

የእኔ የቤት ቁልፍ ፍሪጁ ላይ ነው። ሃያ ሁለት ሰፈር እህቴ ጋ ነኝ።
አትደውዪ።

ፎይሉን አውጥተሽ ጣዪው፤ ነገ ካርድሽ ይከፍታል።
የኔን ካርድ ጠረጴዛው ላይ ትቼልሻለሁ። እሱ ፎይል የለበትም፤ ያም ሆኖ አይከፍትም።

ፈሂማ